የቬራ ሊንን ሕይወት በ20 ደቂቃ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሚኒ ሚዲያ ክበቦች የዝግጅት መመሪያ

የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ የውጭ ዘፋኝን ታሪክ ሲያቀርብ አካሄዱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከስልክ የተገኘ የሕይወት ታሪክ ከልደት እስከ ሞት ይነበባል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ዘፈን ይለቀቃል፣ ደወል ይደወላል። አድማጩ ግን ሦስተኛው ዓመተ ምሕረት ሳይነበብ ወደ ራሱ ወሬ ተመልሷል። ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም፤ ዝግጅቱ የተገነባው ከተሳሳተው ጫፍ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ዘፈኖቹ ይመረጣሉ፤ ጽሑፉ የሚጻፈው ዘፈኖቹን ለማያያዝ ብቻ ነው። ከዚህ የሚከተል አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፦ ስለ አንድ ዓመት ስትናገሩ ከሞንታርቦው የሚወጣው ድምፅ የዚያው ዓመት ቅጂ መሆን አለበት።

ይህ መመሪያ በእንግሊዛዊቷ ቬራ ሊን ላይ ይሠራል። የተመረጠችው ሥራዋ ከ1930ዎቹ እስከ 2010ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ መመሪያ ዓ.ም ወይም የአማርኛ ወር ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ስለሚዘልቅና በጦርነቱ ዘመን «የሠራዊቱ ፍቅረኛ» የተባለች በመሆኗ፣ ወሎ ውስጥ አያቶቹ የጣሊያንን አውሮፕላን ያዩ አድማጭ ታሪኳን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ ስለማይፈልግ ነው።

ቅጂዎቹን መለየት

ቬራ ሊን አንዱን ዘፈን በተለያየ ዘመን ደጋግማ ቀርጻለች። ከእጅ ወደ እጅ በሚዞሩት ፋይሎች ላይ የሚጻፈው ርዕሱ ብቻ ነው፤ ዓመት ቢጻፍም አልበሙ እንደገና የታተመበት እንጂ የተዘፈነበት አይደለም። ስለዚህ መለየቱ የጆሮ ሥራ ነው።

አምስት ቅጂ ይበቃል። የመጀመሪያው የ1936ቱ «አፕ ዘ ዉድን ሂል ቱ ቤድፎርድሺር» ነው፤ ለብቻዋ የቀረጸችው የመጀመሪያ ሸክላ። ልጆች ወደ መኝታ ሲሄዱ የሚነገር ነገርን ይዞ የተሠራ ቀላል ዘፈን ነው። ክራውን በሚባል ርካሽ መለያ፣ በ9 ኢንች ሸክላ፣ በዎልወርዝ መደብሮች ይሸጥ ነበር። ከዚህ 40 ሰከንድ ብቻ ውሰዱ፤ የሚፈለገው የ19 ዓመት ልጅ ድምፅ ነው።

ሁለተኛው «ዊል ሚት አጌን»፣ በአማርኛ «እንደገና እንገናኛለን» የምትሉት ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ዝግጅቱ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህ ዘፈን ነው። የ1939ኙ ቅጂ ላይ ኦርኬስትራ የለም። የሚያጅባት ኖቫኮርድ የተባለ፣ የሃሞንድ ኩባንያ የሠራው ኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ነው፤ የሚጫወተው አርተር ያንግ ነው። ድምፁ ወደ ኦርጋን የሚጠጋ፣ ቀጭንና የሚንቀጠቀጥ ነው። በ1953 እንደገና ስትቀርጸው ግን ሙሉ ኦርኬስትራ አለ፣ የወታደሮች የወንድ ህብረ ዝማሬም ይገባል። ብዙ ሰው የሚያውቀውና ፍለጋ ስትገቡ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ይኸኛው ነው። «ጦርነቱ ሲፈነዳ ይህን ዘፈነች» ብላችሁ የ1953ቱን ብትለቅቁ፣ ከጦርነቱ ስምንት ዓመት በኋላ የተቀረጸ የትዝታ ሥራ እንደ ጦር ሜዳ ድምፅ አቀረባችሁ ማለት ነው። ወንዶች በህብረት ሲዘምሩ ከሰማችሁ 1939 አይደለም። ሁለቱንም ያዙ፤ የ1939ኙን ሙሉውን መሃል ላይ፣ የ1953ቱን 60 ሰከንድ መጨረሻ ላይ ትጠቀማላችሁ።

ሦስተኛው «ዘ ዋይት ክሊፍስ ኦቭ ዶቨር»፣ አራተኛው የ1952ቱ «አውፍ ቪደርዜን ስዊትኸርት» ነው። ከሦስተኛው 60፣ ከአራተኛው 70 ሰከንድ ይበቃል። አምስተኛው ከላይ የተጠቀሰው የ1953ቱ ነው።

የተጠራጠራችሁበትን ፋይል በሦስት መንገድ መርምሩ። አንደኛ ርዝመቱን እዩ። ባለ 10 ኢንች፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር ሸክላ በአንድ ጎኑ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው፤ አምስት ደቂቃ የሚሄድ «የ1939 ቅጂ» ሊኖር አይችልም። ሁለተኛ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ቫዮሊኑ በግራ፣ ነፋሱ መሣሪያ በቀኝ ተለያይቶ ከመጣ በስቴሪዮ የተቀዳ ነው፤ የስቴሪዮ ሸክላ እንግሊዝ ገበያ ላይ የወጣው በ1958 ስለሆነ ቅጂው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። አንዳንዱ ደግሞ አሮጌ ሞኖ ሆኖ በማሽን «ስቴሪዮ» የተደረገ ነው፤ ማሚቶ እንደተጨመረበት ያስተጋባል፣ እሱንም ጣሉት። ሦስተኛ ፍጥነቱን ከሌላ ፋይል ጋር አስተያዩ። ከሸክላ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ መዞሪያው ትንሽ ከፈጠነ ድምፅዋ የሕፃን ይሆናል፣ ከዘገየ ወንድ ወንድ ይላል። የቬራ ሊን ድምፅ ለሴት ዝቅ ያለና ሰፊ ነው፤ ቀጭን ሆኖ ከመጣ ፋይሉን ተጠራጠሩ።

ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ

በየዝግጅቱ የሚደጋገመው ስህተት ከሁሉም ዓመት ላይ 8 መቀነስ ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ መስከረም ዋዜማ ላለው 8፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር 31 ላለው 7 ይቀነሳል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ 1952 ራሱ ነው። «አውፍ ቪደርዜን ስዊትኸርት» አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የወጣው በክረምቱ በጁላይ ነው፣ ማለትም በ1944 ዓ.ም። የእንግሊዝ የመጀመሪያው የሸክላ ሽያጭ ሰንጠረዥ የታተመው ኖቬምበር 14 ቀን ነው፣ ማለትም ኅዳር 5 ቀን 1945 ዓ.ም። ሁለቱም በፈረንጅ አንድ ዓመት፣ በእኛ ሁለት ዓመት ናቸው። ወሩን የማታውቁት ነገር ካለ በእ.ኤ.አ. ተዉት፤ በግምት መቀየር ካለመቀየር ይብሳል።

ለጽሑፉ የሚያስፈልጉት ዋና ዋናዎቹ ተቀይረው እነሆ። የተወለደችው ማርች 20 ቀን 1917፣ መጋቢት 11 ቀን 1909 ዓ.ም ነው። እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ያወጀችው ነሐሴ 28 ቀን 1931 ነው። ያረፈችው ጁን 18 ቀን 2020፣ ሰኔ 11 ቀን 2012 ነው፤ በ103 ዓመቷ፣ ዲችሊንግ በምትባል መንደር። በአንድ ዝግጅት ከስድስት በላይ ቀን አትጥቀሱ። ቀንና ወር ለልደትና ለሞት ብቻ በቂ ነው፣ ለሌላው ዓመቱ ይበቃል።

ጽሑፉን መጻፍ

አብዛኛው አንባቢ አማርኛን ለድምፅ ማጉያ በሚሆን ፍጥነት ሲያነብ በደቂቃ 100 ቃል አካባቢ ይሄዳል። ለራሳችሁ ለማወቅ አንድ ገጽ በስልክ ሰዓት ለክታችሁ አንብቡ። ዘፈኖቹ በድምሩ 6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ይወስዳሉ፣ ወደ ኋላ የምናየው ክርክር 2 ደቂቃ፣ መክፈቻና መዝጊያው 1 ደቂቃ። ለትረካው የሚተርፈው 10 ደቂቃ ያህል ነው፣ ማለትም 1000 ቃል። ከዚህ ያለፈውን ሁሉ ቁረጡ። እረፍቱ 15 ደቂቃ በሆነበት ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚቆረጠው የ«ዋይት ክሊፍስ» ክፍልና አራት ደቂቃ ትረካ ነው፤ ሙሉውን ዘፈን አትንኩት።

የ1936ቱ ዘፈን ያለ ምንም መግቢያ ይጀምር። ስሟን ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ንገሩ። ከዚያ ልጅነቷ ይከተላል። የተወለደችው ለንደን ምሥራቅ፣ ኢስት ሃም ነው። አባቷ የቧንቧ ሠራተኛ፣ እናቷ ልብስ ሰፊ። የቤት ስሟ ቬራ ዌልች ነበር፤ ሊን የአያቷ የትውልድ ስም ነው፣ ለመድረክ የወሰደችው። በሰባት ዓመቷ በሠራተኞች ክበቦች እየዘፈነች ገንዘብ ታመጣ ነበር። በ1935 ከጆ ሎስ ኦርኬስትራ ጋር በራዲዮ ተሰማች፣ ቀጥሎ ከቻርሊ ኩንዝ ጋር ሠራች፣ በ1937 ደግሞ የዘመኑ ትልቅ ወደነበረው ወደ አምብሮዝ ኦርኬስትራ ገባች። ይህ ሁሉ በ150 ቃል ማለቅ አለበት። የኦርኬስትራ መሪዎቹን ስም ደሴ ላይ የሚያውቅ የለም፤ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ጥቀሱ፣ ይመረጥ ከተባለ አምብሮዝን፣ ምክንያቱም በ1941 ያገባችው ሃሪ ሉዊስ የዚያ ኦርኬስትራ ክላርኔትና ሳክስፎን ተጫዋች ነበር። አንድ ልጃቸው የተወለደችው በ1946 ነው።

ከዚያ ጦርነቱ። «እንደገና እንገናኛለን» የሮስ ፓርከርና የሂዩ ቻርልስ ድርሰት ነው፣ የእሷ አይደለም፤ ይህን ግልጽ አድርጉ፣ እኛ አገር ዘፋኙንና ደራሲውን አንድ አድርጎ ማየት ልማድ ነው። በዘፈኑ ውስጥ ጦርነት የሚል ቃል እንደሌለ ንገሩ። ዘማቹም የቀረችውም በየራሳቸው የሚሰሙት ስንብት ነው። ግጥሙን ተርጉማችሁ አታንብቡ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ጭብጡን ይናገር፣ ቀሪውን ድምፅዋ ይሥራው። ከዚያ ዘፈኑ ሙሉውን ይሂድ፣ ሦስት ደቂቃ ማንም ምንም ሳይናገርበት። በዘፈን ላይ መናገር የሚኒ ሚዲያ ትልቁ ሱስ ነው።

እዚህ ላይ የደሴን ነገር ማስገባት ይቻላል፣ በጥንቃቄ። ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች በተከታታይ መደብደብ የጀመረችው ጳጉሜን 2 ቀን 1932 ነው። ደሴ በጣሊያን አውሮፕላኖች የተደበደበችው ኅዳር 26 ቀን 1928፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ውስጥ እያሉ ነው። አምስት ዓመት ገደማ ቀድማለች። ለአድማጫችሁ ከዚህ የበለጠ መግቢያ አታገኙም፤ የለንደንን ምሽት ለማስረዳት ሁለት ገጽ ከመጻፍ ይህን ሁለት ቀን ማጎራበት ይሻላል።

በ1934 ዓ.ም መጀመሪያ ቢቢሲ ላይ የራሷ ዝግጅት ተሰጣት፣ እሑድ ማታ ከዜና በኋላ የሚተላለፍ። አሠራሩ እንደ ደብዳቤ ነበር። ለዘማቾቹ ታወራለች፣ ከሚስቶቻቸው የመጣ መልእክት ታነባለች፣ ሆስፒታል ሄዳ የወለዱ እናቶችን አነጋግራ «ልጅ ወልደሃል» ትላለች። በኋላም በ1936 ዓ.ም ግብፅና ሕንድን አልፋ በርማ ግንባር ድረስ ሄዳ ለወታደሮች ዘፍናለች። ይህን ከወሎ ጋር የሚያያይዝ እውነተኛ ክር አለ። የእንግሊዝ ሕንድ ሠራዊት 5ኛ ክፍለ ጦር ግንቦት 1933 ላይ አምባላጌን ከከበቡት አንዱ ነበር፤ ሦስት ዓመት ቆይቶ በርማ ግንባር ላይ ተሰልፏል። ደሴን ሚያዝያ 18 ቀን 1933 የያዘው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድም ከዚህ ተነሥቶ ወደ አምባላጌ ነው የሄደው። ነገር ግን «አምባላጌ ለተዋጉት ዘፈነችላቸው» አትበሉ፤ ወደ አንድ ግንባር ሄዱ ማለት ተገናኙ ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ መጥታለች የሚል ቃልም አይውጣችሁ።

የሁለት ደቂቃው ክርክር

ይህ ክፍል ከትረካው ሁሉ የበለጠ ጆሮ ይይዛል። ዝግጅቷ ተወዳጅ ቢሆንም ተቃውሞ ነበረው። አንዳንድ መኮንኖችና ፖለቲከኞች «ናፍቆት የሚቀሰቅስ ዘፈን ወታደሩን ያላላዋል፣ የሚያስፈልገው የሰልፍ ዜማ ነው» የሚል ሐሳብ ያዙ። ዝግጅቷ ለጊዜው ከስርጭት ተነሣ፤ ቢቢሲም በ1942 ክረምት ስሜት የሚያልፈሰፍሱ ዘፈኖችን የሚገድብ መመሪያ አወጣ። ወታደሮቹ ግን እሷን መስማት ይፈልጉ ነበር።

ሽለላና ቀረርቶ የሚያውቅ የወሎ ልጅ ይህን ክርክር ያለ አስረጂ ይገባዋል። አንዱ አንባቢ የፉከራውን፣ ሌላዋ የእንጉርጉሮውን ወገን ይዘው በየ60 ሰከንዱ ይከራከሩ። ሁለት ነገር ይጠበቅ። የተናጋሪው ሐሳብ የክበቡ አባል ሐሳብ ሆኖ ይቅረብ፣ በሞቱ እውነተኛ ሰዎች አፍ ያላሉትን አታስገቡ። ደግሞም ክርክሩ አይፈረድ፤ ሳይቋጭ «ዋይት ክሊፍስ» ይግባበት። ስለዚህ ዘፈን የምትናገሩት አንድ ነገር በቂ ነው፦ ዜማውም ግጥሙም የአሜሪካውያን ነው፣ የዋልተር ኬንትና የናት በርተን፣ በ1941 የተደረሰ። በዶቨር ገደል ላይ እንደሚበሩ የሚዘመርላቸው ሰማያዊ ወፎች እንግሊዝ ውስጥ የሉም፤ የአሜሪካ ወፎች ናቸው። ተማሪ ይህን አይረሳም።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ክፍል

ብዙ አዘጋጅ ከ1945 ወዲያ ያለውን «ከዚያም ብዙ ሽልማት አገኘች» ብሎ ይዘልቃል። ሙያዋ የተረጋገጠው ግን እዚህ ነው። በ1952 «አውፍ ቪደርዜን ስዊትኸርት» አሜሪካ ውስጥ ለ9 ሳምንት አንደኛ ሆነ፤ ከእንግሊዝ ዘፋኞች እዚያ አንደኛ በመውጣት የመጀመሪያዋ ናት። ዜማው የጀርመናዊው የኤበርሃርድ ሽቶርክ ነው። ጦርነቱ ካበቃ ሰባት ዓመት ነው፣ የሠራዊቱ ፍቅረኛ የጀርመን ዜማ ይዛ፣ ከኋላዋ የእንግሊዝ ወታደሮች እያዜሙ። ይህን ተናግራችሁ ዘፈኑን ልቀቁት፣ ትንታኔ አያስፈልግም።

ሰንጠረዥን በተመለከተ ሦስት ነገር ይምታታል። በኅዳር 1945 ዓ.ም የወጣው የመጀመሪያው የእንግሊዝ ሰንጠረዥ ላይ ሦስት ዘፈኖቿ ነበሩ፣ አንደኛው ግን አሜሪካዊው አል ማርቲኖ ነበር። እሷ በአገሯ ሰንጠረዥ በነጠላ ዘፈን አንደኛ የወጣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በ1954 በ«ማይ ሰን፣ ማይ ሰን»። «ዊል ሚት አጌን» በ1939 «አንደኛ ወጣ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ተዉት፤ በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ የሸክላ ሽያጭ ሰንጠረዥ አልነበረም።

ሽልማቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሱ፤ በ1975 «ዴም» የሚለውን ማዕረግ አገኘች፣ ለወንዶች «ሰር» የሚባለው አቻ ነው። ከዚያ በ2002 ዓ.ም መግቢያ፣ በ92 ዓመቷ፣ የቆዩ ዘፈኖቿ ስብስብ የእንግሊዝ የአልበም ሰንጠረዥ አናት ላይ መውጣቱን። ከዚያ መጋቢት 27 ቀን 2012፣ ኮሮና ሰዉን ቤት በዘጋበት ወቅት፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ ለሕዝባቸው ባደረጉት ንግግር መጨረሻ ላይ የዘፈኑን ቃል መጠቀማቸውን። ከዚህ በኋላ የ1953ቱ ቅጂ ይገባል፤ የወታደሮቹ ህብረ ዝማሬ ከፍ ሲል በ8 ሰከንድ ቀስ ብሎ ይጥፋ።

ስለ አነጋገር አንድ ነገር። ዘፋኝን «ተወለደች፣ ዘፈነች» ማለት የራዲዮአችን ልማድ ነው፣ ነውር የለውም። ልጅነቷ ላይ «ዘፈነች» ብሎ ማዕረጉ ላይ «ተሸለሙ» ማለት ግን ሁለት ሰው ያስመስላል። አንዱን ይዛችሁ ዝለቁ።

ድምፅ መቅዳት

በቀጥታ አታንብቡ፤ ቀድማችሁ ቅዱት። ስልክ ይበቃል። የሚያበላሸው ማይክራፎኑ ሳይሆን ክፍሉ ነው፤ የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ድምፅን ያንጫጫል። ሁለት ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ከአንባቢው ጀርባና ፊት ለፊት ስቀሉ። ስልኩ ከአፍ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከከንፈር ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፤ አለዚያ «ፐ» እና «ፈ» በነፋስ ይመታሉ። ደሴ ከሰዓት በኋላ የጦሳ ነፋስ ቆርቆሮውን ስለሚያንኳኳ ጠዋት ቅዱ፣ ክረምት ከሆነ ዝናብ ሳይጀምር።

ኮምፒውተር ላይ ኦዳሲቲ የተባለ የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ፕሮጀክቱን በ44100 ኸርዝ ክፈቱ። ከአንባቢው ድምፅ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፣ ከፍተኛውን ጫፍ ወደ ‑3 ዴሲቤል አምጡ። ሁሉንም ወደ ሞኖ ቀይሩ፤ የትምህርት ቤት ማጉያ በአንድ ሽቦ የሚመጣውን አንዱን ጎን ብቻ ስለሚወስድ በስቴሪዮ ከተዋችሁት ግማሹ ድምፅ ይጠፋል።

የሸክላውን ጩኸት ለማጥፋት የሚደረገው ጥረት ብዙ ጊዜ ዘፈኑን ይገድለዋል። ኦዳሲቲ ላይ የጩኸት መቀነሻውን ከ6 ዴሲቤል አታሳልፉ። በ12 እና በ18 ስትሠሩት ድምፅዋ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል፤ ፕሮግራሙ ጩኸቱንና የ«ስ» ድምፅን ስለማይለይ አብሮ ይበላዋል። ትንሽ መንጫጫቱ ይቅር፣ የዘመኑ ምልክት ነው።

ማሲንቆ ወይም ክራር ከትረካው ሥር ማድረግ ያምራል፣ በተለይ ባቲና አምባሰል የተባሉትን ቅኝቶች ስም የሰጠው ይኸው አገር ስለሆነ። ከእሷ ዘፈን ጋር ግን አታደባልቁት። የእኛ ቅኝት በአምስት ድምፅ ይሄዳል፣ የእሷ ዜማ ሰባቱንም ይጠቀማል፤ በዚያ ላይ ከሸክላ የተገለበጠ ዘፈን ፍጥነቱ ሰበብ ሆኖ ከክራሩ ቃና ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ ሲገናኙ ይፋጫል። ክራሩ ሲጠፋ ሁለት ሰከንድ ጸጥታ ስጡ፣ ከዚያ ዘፈኑ ይግባ። ትረካ ሥር የሚሄድ ሙዚቃ ከአንባቢው ቢያንስ 15 ዴሲቤል ይነስ።

የመልቀቂያው ቀን

ፋይሉን በኤምፒ3፣ በ192 ኪሎቢት አውጡት። የማጉያው ፍላሽ ማጫወቻ ብዙውን ጊዜ ፋት32 በሚባለው ፎርማት ከተዘጋጀ ፍላሽ ውጭ አያነብም፣ ትልልቅ የዌቭ ፋይሎችም ላይ ይቆማል። የፋይሉን ስም በአማርኛ ፊደል አትጻፉ፣ ማሳያው ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣል፤ 01 ብላችሁ ጥሩት። አንድ ቅጂ ስልክ ላይ፣ ሌላው በሁለተኛ ፍላሽ ይቀመጥ።

የጥሩምባ ሞንታርቦ ዝቅተኛውን ድምፅ አይሰጥም። ለንግግር ጥሩ ነው፣ ኖቫኮርዱን ግን ያሳንሰዋል። በድምፅ መጠን ልታካክሱት አትሞክሩ፤ ከመጠን ሲያልፍ ይሰነጠቃል። የማጉያውን የባስ ቁልፍ መሃል ላይ ተዉት፣ ትሬብሉን ትንሽ ቀንሱ፣ የሸክላው ጩኸት ያንሳል። ሳጥን ሞንታርቦ ካላችሁ ለዚህ ዝግጅት እሱን አውጡ። ማይክራፎን ክፍት ሆኖ ሞንታርቦው ፊት ከተቀመጠ ያፏጫል፤ ዝግጅቱ የተቀዳ ስለሆነ ማይኩን ጨርሶ ዝጉት።

ሳምንቱን ምረጡ። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ዘፈን ከግቢ አጥር ውጭ ሲሰማ የሚከፋው ሰው አለ፣ ቅሬታውም የሚደርሰው ለርዕሰ መምህሩ ነው። በሌላውም ጊዜ ቢሆን የዙሁር አዛን ሰዓትን አይታችሁ አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ ዓርብ ላይ ባታደርጉት ይሻላል። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስለሚበረታ ተማሪው በእረፍት ጥላ ሥር ይሰበሰባል፤ ሞንታርቦውን ወደ ሜዳው ሳይሆን ወደ ጥላው አዙሩት።

የዘፈኖቹ ደራሲዎች መብት አልቆ አያውቅም ብላችሁ ሥሩ። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት መብቱ ይጠበቃል፤ ከ«ዊል ሚት አጌን» ሁለት ደራሲዎች ሂዩ ቻርልስ ያረፈው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ግቢ ውስጥ ለተማሪ ማሰማትና ሙሉ ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ መጫን አንድ አይደሉም፤ ብትጭኑት በማሽኑ ተለይቶ ይታገዳል። ለከተማው ኤፍ ኤም የምትሰጡት ከሆነ ዘፈኖቹ የገቡበትንና የወጡበትን ሰከንድ በወረቀት ጽፋችሁ ከፋይሉ ጋር ስጡ፤ ጣቢያው የራሱን ንጹሕ ቅጂ ሊተካበት ይችላል።

መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ፣ ብዙዎቹ የጥሩምባ ማጉያዎች ከኋላቸው የ12 ቮልት ባትሪ ማስገቢያ አላቸው። የሞላ የመኪና ባትሪ አጠገብ ይቀመጥ፣ ቀይና ጥቁሩ ሽቦ ቀድሞ ይፈተሽ፤ ተገልብጦ ከገባ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ፊውዝ በሽቦ የተተካበት ማጉያ ከሆነ ደግሞ ማጉያው ራሱ። ባትሪ ከሌለና መብራቱ ከሁለት ደቂቃ በላይ ከቆየ ያን ቀን አትቀጥሉ። የመጀመሪያው ግማሽ በ1939ኙ ዘፈን እንዲያበቃ አድርጋችሁ አስቀድማችሁ ሁለት ፋይል ብታዘጋጁት፣ በማግስቱ ከክርክሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስታወሻ መጀመር ይቻላል።